በአልትራሳውንድ «ጉበት ላይ ስብ አለ» ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሴት ነኝ። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ የሆድ አልትራሳውንድ ምርመራ አድርጌ፣ ጉበቴ ላይ «ሁለተኛ ደረጃ» የስብ ክምችት እንዳለ በውጤቱ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። ምንም ዓይነት ሕመም አይሰማኝም፤ አልኮልም ቀምሼ አላውቅም። ክብደቴ ለቁመቴ ከሚመከረው የሚያልፈው በጥቂቱ ነው፤ ወገቤ ግን ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጥቷል። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በደም ምርመራዬ የጉበት ኢንዛይሞች የሚባሉት ኤኤልቲ 49፣ ኤኤስቲ 32፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕሌትሌቶች 230 ሺህ፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር ደግሞ 112 ሆኗል። የተሰጠኝ ምክር «ክብደት ቀንሺ፣ ቅባት ተዪ» የሚል ብቻ ስለነበር ብዙ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ሳልጠጣ ይህ እንዴት ሊመጣብኝ ቻለ? ሁለተኛ ደረጃ ሲባል ወደ ሲሮሲስ በሚወስደው መንገድ አጋማሹ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው? ቅባት የተባለውን ሁሉ ብተውስ ይለቀኛል? ስለ ጉዳዩ የምታውቁ ብታብራሩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። በመጀመሪያ ይበልጥ ያስጨነቀዎትን ላንሣ። በአልትራሳውንድ ውጤት ላይ የሚጻፈው ደረጃ ከ1 እስከ 3 ሲሆን፣ የሚነግረን ጉበቱ በምስሉ ላይ ምን ያህል ነጥቶ እንደታየ፣ ማለትም በግምት የስቡን ብዛት ነው። ሲሮሲስ የሚባለው ግን የጠባሳ ጉዳይ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ ከ0 እስከ 4 በሚደርስ ሌላ መለኪያ የሚመዘን ሲሆን፣ ሲሮሲስ የዚህ የሁለተኛው መለኪያ 4ኛ ደረጃ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች አብረው አይጓዙም። ብዙ ስብ ኖሮበት ምንም ጠባሳ የሌለው ጉበት አለ፤ በአንጻሩ ሲሮሲስ ሥር ሲሰድ ስቡ እየሳሳ ሄዶ ሊጠፋ ይችላል። የሕመምተኛውን የወደፊት ዕጣ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ጠባሳው ስለሆነ፣ ስብ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባው «ጠባሳ ጀምሮኛል ወይ?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ሰዎች በምክር ብቻ ሲሸኙ ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ማጣሪያ ከተራ የደም ምርመራ የሚገኝ ቀላል ስሌት ነው።

ስሌቱ ፊብ 4 ይባላል። ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል፤ የተገኘው ቁጥር ደግሞ ፕሌትሌቱ (በሺህ ተቆጥሮ) በኤኤልቲ ዳግም ዘር ተባዝቶ በሚገኘው ይካፈላል። በእርስዎ ቁጥሮች ብንሠራው፣ 46 ሲባዛ በ32 1472 ይሆናል፤ የ49 ዳግም ዘር 7 ስለሆነ 230 ሲባዛ በ7 1610 ይመጣል፤ ሲካፈል 0.91 ገደማ ነው። ከ1.3 በታች የሆነ ውጤት የከፋ ጠባሳ የመኖሩን ዕድል በጣም ዝቅተኛ ያደርገዋል። ከ2.67 በላይ የሆነ ሰው የጉበት ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል፤ በመካከል የወደቀ ደግሞ የጉበትን ጥንካሬ በሚለካ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በፋይብሮስካን፣ ይመረመራል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች የታችኛው ወሰን ወደ 2.0 ከፍ ይላል፤ ከ35 ዓመት በታች ለሆኑት ግን ስሌቱ እምብዛም አያስተማምንም። ኤኤልቲ ብቻውን መልካም ስለሆነ መዘናጋትም አይገባም፤ ኢንዛይሞቹ ሳይጨምሩ ጠባሳ የሚፈጠርባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሳይጠጡ እንዴት ሊመጣ እንደቻለ ለጠየቁት፣ ዋናው ምክንያት የሰውነት ሕዋሳት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ መዳከሙ ነው። ኢንሱሊን በተገቢው መንገድ ሲሠራ፣ ከቆዳ ሥርና ከሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ያለ ፍላጎት ወደ ደም እንዳይለቀቅ ይገታዋል፤ ሥራው ሲደክም ግን ስቡ ሌት ተቀን ወደ ደም እየፈሰሰ ጉበት ላይ ያርፋል። ጉበትም ከስኳር ራሱ አዲስ ስብ ይሠራል። ይህ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በጉበታቸው ካለው ስብ 60 በመቶ የሚጠጋው ከሰውነት የስብ ክምችት፣ ሩብ ያህሉ ጉበት ራሱ ከሠራው፣ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ደግሞ በቀጥታ ከተበላ ቅባት የመጣ ነበር። የወገብዎ መስፋት፣ የአባትዎ ሕመምና የስኳርዎ 112 መሆን (ከ100 እስከ 125 ያለው የቅድመ ስኳር ክልል ነው) ሁሉም የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሦስት ያህሉ ከአሥር ይህ የጉበት ስብ ስላለባቸው ብቻዎን አይደሉም።

በቀጣዩ ቀጠሮዎ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ መደረጉን ያረጋግጡ። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ስቴሮይድ፣ ታሞክሲፈን፣ አሚዮዳሮን፣ ሜቶትሬክሴት እና ቫልፕሮኤት ጉበት ላይ ስብ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሆኖም ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

መልስ 2፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ

የሐኪሙን ማብራሪያ መሠረት አድርጌ «ቅባት ተዪ» የሚለውን ምክር ላርመው እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው ቅባቱን ትቶ በምትኩ ጣፋጩንና ነጭ ዱቄቱን ሲያበዛ ስለማይ ነው። በቅድሚያ ሊቀር የሚገባው የሚጠጣ ስኳር ነው፦ ለስላሳ መጠጦች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የታሸገም ሆነ በቤት የተጨመቀ ጭማቂ። ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት አብዛኛው የሚፈጨው በጉበት ሲሆን በቀላሉ ወደ ስብ ይለወጣል። ፍራፍሬውን ሳይጨምቁ ከነአሰሩ መብላት ግን አይጎዳም፤ አሰሩ የስኳሩን አገባብ ያዘገየዋል፣ ቶሎም ያጠግባል። ከቅባት ወገን የሚቀነሰው የረጋ ቅባት፣ ማለትም ቅቤና ጮማ፣ እንዲሁም ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ነው። ዓሣ፣ ለውዝ፣ ጥራጥሬ እና የወይራ ዘይት ከማዕድዎ ባይጠፉ እመርጣለሁ።

ክብደትን በተመለከተ ግቡ ሰው እንደሚፈራው ሩቅ አይደለም። አንዲት 76 ኪሎ የምትመዝን ሴት 5 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ ያህል ብትቀንስ የጉበቷ ስብ በሚታይ ሁኔታ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ስቡ ያስነሣው የጉበት ብግነት (መቆጣት) ይበርዳል፤ ከ10 በመቶ በላይ ቀንሰው ክብደታቸውን ባሉበት ካቆዩ ሰዎች መካከል ጠባሳው ጭምር ወደ ኋላ የተመለሰላቸው ብዙዎች ናቸው። ፍጥነቱ ግን በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ባይበልጥ ይሻላል፤ ራስን በማስራብ በጥድፊያ መክሳት የሐሞት ጠጠር ከማምጣቱም በላይ የጉበትን ብግነት ሊያባብስ ይችላል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ከተቻለም ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢጨመርበት፣ ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ የጉበትን ስብ ይቀንሳል። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ሚዛኑ አልወርድ ሲላቸው እንቅስቃሴውን የሚተዉ ሰዎች በጣም ብዙ ስለሆኑ ነው።

መልስ 3፦ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው አባል

እኔም የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ጉበቴም ላይ ስብ አለ። ከራሴ ኑሮ የምጨምረው ለውጡ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ አይዘልቅም የሚለውን ነው። በቤታችን ለስላሳ መግዛት ያቆምነው ለሁላችንም ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ቢያጉረመርሙም አሁን ውኃ ይጠጣሉ። ከእራት በኋላ ከባለቤቴ ጋር በእግር እንወጣለን። ይህ ችግር በልጆች ላይም እንደሚታይ ካወቅሁ ወዲህ፣ ጉዳዩን የእኔ ሕመም ብቻ አድርጌ ማየት ትቻለሁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ስሌቱን በራሴ ቁጥሮች ሠርቶ ማሳየቱ ብዙ ጭንቀት አቅሎልኛል። ዶክተር፣ ሁለት ነገር ልጨምር። መድኃኒት የለውም ወይ? ዘመዶቼ ደግሞ «ጉበት ያጸዳል» የሚባል የዕፅዋት እንክብል ውሰጂ እያሉኝ ነው፤ ልሞክረው?

መልስ 4፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

እንክብሉን እባክዎ አይውሰዱ። ጉበት ከውጭ የሚጸዳ አካል አይደለም፤ እንዲያውም ተጠናክረው በእንክብል የሚሸጡ የዕፅዋት ጭማቂዎች፣ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂን ጨምሮ፣ ጉበትን ክፉኛ የጎዱባቸው ሕሙማን በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሬስሜቲሮም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024፣ ሴማግሉታይድ ደግሞ በነሐሴ 2025 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ በሽታ ተፈቅደዋል። ፈቃዱ ግን ብግነት ኖሮባቸው ጠባሳቸው 2ኛ ወይም 3ኛ ደረጃ ለደረሰ፣ ሲሮሲስ ላልያዛቸው ሰዎች ነው፤ የእርስዎ ቁጥሮች ወደዚያ አያመለክቱም። በዚህ ደረጃ ለእርስዎ ይበልጥ የሚያስፈልገው የስኳሩን፣ የደም ግፊቱንና የኮሌስትሮሉን ነገር መያዝ ነው፤ ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው ሰዎች ከጉበት ሕመም ይልቅ በብዛት የሚሞቱት በልብና በደም ሥር በሽታ ነው። ሐኪምዎ ለኮሌስትሮል ስታቲን ቢያዙልዎ «ጉበት ይጎዳል» ብለው አይፍሩት፤ በዚህ ሁኔታ ያለ ሥጋት ይሰጣል።

የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ምርመራ አሁን ቢያደርጉ መልካም ነው። ስኳርዎ በቅድመ ስኳር ክልል ስለሆነ ፊብ 4 ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገም። በዚህ መካከል ዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ በውኃ መወጠር፣ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።