በወሎ ታሪክ ጽሑፍ ቀን አመላለስ ላይ

ጠያቂ፦ የውጫሌ ውል በፈረንጅ ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። በዘንድሮ ካላንደር ስመልሰው ሚያዝያ 24 ይወጣል፤ መጻሕፍቱ 25 ይላሉ። የቱ ይጻፍ?

ከሐይቅ፦ አብሽር፣ 25 ነው፤ 1881። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1900ን በ28 ዘጉት፤ እኛ በ1891 ጳጉሜን 6 አድርገናል። በዚህ ልዩነቱ በ1 ቀን ሰፋ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ላለው፣ ለአጤ ዮሐንስ ዘመንም፣ በዛሬው ስሌት ላይ 1 ቀን ይደመራል።

ከደሴ፦ ዓመቱንም በደፈናው 8 አትቀንስ፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7 ነው። የሰገሌ ጦርነት ኦክቶበር 27 ቀን 1916፣ ማለትም ጥቅምት 17 ቀን 1909። 1908 ብሎ የጻፈ ንጉሥ ሚካኤልን፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሳይወርዱ ያዘምታቸዋል!

ከቦረና፦ የሸኾቹ ኪታብ በሂጅራ (በእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር) ከሆነ ቋሚ ልዩነት አትፈልግ፤ ዓመቱ በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ወሩ ካልተጻፈ የሂጅራው ዓመት የሚነካቸውን ሁለቱንም የእኛን ዓመት አስቀምጥ።