የሞት ፍርድ ይኑር ወይስ ይቅር? የደሴ ልጆች ክርክር (ስማቸው በየሰፈራቸው ነው)

የፒያሳው፦ አንድ ገዳይ ፒያሳ ላይ ቢሰቀል ደሴ ውስጥ ጩቤ የሚመዝ ይጠፋ ነበር። ወላሂ!

የሆጤዋ፦ ሰክሮ ጩቤ የሚመዝ ሰው ቅጣቱን አስልቶ አይመዝም። ደግሞስ ፒያሳ ላይ ማን ይሰቅላል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 በአደባባይ ስቅላትን ይከለክላል፤ በማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው የሚፈጸመው። ገዳይ ሁሉ ሞት ይፈረድበታል ማለትም አይደለም። ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው፤ ሞት የሚመጣው ከባድ ለሆነው ግድያ ነው፣ ያም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ተብሎ። ሲያጠፋ 18 ዓመት ያልሞላው ከነጭራሹ ሞት አይፈረድበትም።

ቧንቧ ውሃ፦ ኧረ የሞት ቅጣት ከደርግ ጋር ቀርቷል! አሁን ማን ሰምቶ ያውቃል?

የሆጤዋ፦ አልቀረም፣ ይፈረዳል። ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው ግን አይፈጸምም። በ1993 የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው ሻለቃ ፀሐየ ወልደሥላሴ በ1999 የሞት ፍርዱ ተፈጽሞበታል። የደርግ ባለሥልጣናት ግን ሞት ተፈርዶባቸው በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አንዳርጋቸው ጽጌም በሌለበት ሞት ተፈርዶበት፣ በኋላ ተይዞ፣ በ2010 በይቅርታ ወጣ። እስኪ አስቡት፣ እንደተያዘ ፍርዱ ተፈጽሞ ቢሆን ይቅርታው ለማን ይሰጥ ነበር?

የፒያሳው፦ እሱ ፖለቲካ ነው፣ አታምታቺ። እኔ የማወራው ስለ ነፍሰ ገዳይ ነው።

የሆጤዋ፦ ሁለቱንም የሚፈርደው ያው ፍርድ ቤት ነዋ።

ጋሼ ከኮምቦልቻ፦ ልጆች፣ የእህቴ ልጅ ተገድሏል። ገዳዩ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ሰው ሁሉ ግን «ዕድሜ ልክ ማለት 20 ዓመት ነው፣ ይወጣል» ይለናል። እህቴ እሱን እያሰበች እንቅልፍ የላትም።

የሆጤዋ፦ አላህ ያጽናችሁ ጋሼ። 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ አመክሮ፣ ማለትም ቀድሞ መፈታት፣ ሊጠየቅለት ይችላል ማለት እንጂ በሩ ዝም ብሎ አይከፈትም። ጸባዩ ይታያል።

ቧንቧ ውሃ፦ ለዚህ አይደል አበጋሮቹ፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ የሚያስፈልጉት? ካሳ ተቆርጦ ደም ካልደረቀ፣ ገዳዩ ወጣም ተሰቀለም የሟች ወንድም ብረት ያነሣል።

የፒያሳው፦ ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ይሰቀል ነው የሚሉት ወይስ ይማር?

ጋሼ ከኮምቦልቻ፦ ይሙት አላልኩም። የሚወጣ ከሆነ ቀድመው ይንገሩን ነው የምለው፤ እህቴ ገበያ መሀል እንዳታገኘው።