«እብጠት» ወይስ «ወጠር ማለት»? የግሪክን ዓምድ በአማርኛ

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። አቴና ስላለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ስለ ፓርተኖን እየጻፍኩ ነው። ዓምዶቹ ወደ ላይ እየቀጠኑ ሲሄዱ ጎናቸው በጣም በትንሹ ወጣ ይላል። ግሪኮች «ኤንታሲስ» ይሉታል። «የዓምድ እብጠት» ብዬ ጻፍኩትና ጆሮዬን ቆረቆረኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢቆረቁርሽ እውነትሽን ነው። እብጠት በእኛ አፍ ሕመም ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጭ ነው የሚያብጠው። ኤንታሲስ ግን የመጣው «መወጠር» ከሚል ግስ ነው፤ አማርኛው እጃችን ላይ አለ ማለት ነው። ኩንታል ያነሳን ሰው ክንድ እይው። ጡንቻው ወጣ ይላል፣ ክንዱ ተወጠረ እንላለን እንጂ አበጠ አንልም። ዓምዱም እንደዚያው ነው። ቁመቱ ከ10 ሜትር በላይ ነው፤ ጎኑ ከቀጥታው መስመር የሚወጣው ግን 2 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም! ደቡብ ጣሊያን ፔስቱም ባለው የሄራ ቤተ መቅደስ ግን በግልጽ ይታያል። እሱ ከፓርተኖን መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል።

«ውጥረት» ብቻ ግን አትበይው። ውጥረት የዜና ቃል ሆኗል፤ አንባቢሽ ድንበር ላይ የተፋጠጠ ጦር ነው የሚታየው። «ዓምዱ ወጠር ብሏል» በይ። ስም ካስፈለገሽ «የዓምድ አወጣጠር» ይሄዳል።

ሌላ አባል፦ ከ«ዓምድ» ይልቅ «ምሰሶ» አይቀለንም?

መልስ፦ ይቀላል፣ ግን ሥዕሉን ያበላሻል። ምሰሶ ሲባል የሚመጣልኝ ጎጆ መሀል የቆመው እንጨት ነው። ፓርተኖንን ግን 46 ዓምዶች ከውጭ ዙሪያውን ከበውታል። ዓምድ ይሁን።

ሌላ አባል፦ እዚያው ፓርተኖን ያለበት ኮረብታ አክሮፖሊስ ላይ፣ ኤሬክቴዮን በሚባለው ቤተ መቅደስ የበረንዳውን ጣሪያ የተሸከሙት ስድስቱ የድንጋይ ሴቶችስ? ሐውልት ናቸው ወይስ ዓምድ?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ሥራቸው የዓምድ ነው። ቀረብ ብለሽ እግራቸውን እይ። አንዱ ጉልበት ሸብረክ ብሏል። ክብደቱን በያዘው እግር በኩል ግን የቀሚሱ እጥፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ልክ ዓምድ ላይ እንደሚፈለፈለው ቦይ። የተጎነጎነው ፀጉራቸውም ጀርባቸው ላይ የተለቀቀው ለውበት ብቻ አይደለም፤ አንገታቸውን አወፍሮ እንዳይሰበር ያግዘዋል። ዛሬ «ካርያቲድ» ይባላሉ። በግንባታው ዘመን የተቀረጸው የሥራ መዝገብ ግን «ኮራይ» ብቻ ነው የሚላቸው፤ ልጃገረዶች። እኔ ብሆን «ጣሪያ ተሸካሚዎቹ ልጃገረዶች» ብዬ እጽፍ ነበር። አምስቱ አቴና በአክሮፖሊስ ሙዚየም አሉ፤ አንዷ ለንደን ናት።