የኮዳን አንቴና ላንድክሩዘር ላይ የት ይታሰር?

የቡሬው ሹፌር

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። መሥሪያ ቤታችን ለመስክ የምንወጣባት ላንድክሩዘር አለችን፣ ኤችዜድጄ 78፣ ያቺ ጠንካራዋ። በቅርቡ ዋናው ቢሮ ኮዳን የሚባለውን የሩቅ መገናኛ ሬዲዮ ከነረጅም አንቴናው ላከልንና ግጠሙት ተባልን። ፈቃዱ አለ። ቻናሎቹም ተሞልተው ነው የመጡት፣ በ3፣ በ5፣ በ8 እና በ12 ሜጋኸርዝ አካባቢ። የጠፋው የሚገጥመው ሰው ነው።

መንገዳችን ከቡሬ ወደ ወምበርማ ቆላ ነው፣ አንዳንዴም በሰከላ በኩል። ሽንዲን አልፈህ ወደ ዓባይ መውረድ ስትጀምር ስልክን እርሳው። ለዚህ ነው ሬዲዮው ያስፈለገው።

ለሙከራ ብለን አንቴናውን ፖርቶ መጋላው ላይ በገመድ አስረን አየነው። የገረመኝ በ12ቱ ቻናል የት እንዳሉ እንኳ የማናውቃቸው የሩቅ ሰዎች ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ ባሕር ዳር ያለው ቢሯችን ግን ጭራሽ የለም። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል።

የጋራዡ ልጅ "ፖርቶ መጋላው ላይ ይበየድ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይስባል" ይላል። ባልደረባዬ የፊት ባምፐር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ሌላው ደግሞ የኋላ በር ላይ፣ ስኮርታ ጎማው ጋ ይላል። መኪናዋን ሦስት ቦታ ከማስበሳቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

ዲናሞ

ወንድሜ፣ ብየዳውን ለጊዜው ያዝ አድርገው።

ልጁ የሚለው ለቪኤችኤፍ፣ ለአጭር ርቀቱ ሬዲዮ፣ እውነት ነው። ቪኤችኤፍ በአብዛኛው ፊት ለፊት የሚያየውን ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ከፍታ ይጠቅመዋል። ኤችኤፍ፣ የእናንተው ኮዳን ዓይነት፣ ሌላ ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ንብርብር ተመልሶ ነው የሚወርደው። ለእሱ አንድ ሜትር ከፍ አልክ ዝቅ አልክ ለውጥ የለውም።

ለውጥ የሚያመጣው ኧርዙ፣ ማለትም አንቴናው ከመኪናዋ ብረት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የአንቴናው ግማሽ መኪናዋ ናት። ሒሳቡን እይ፦ በ5 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 60 ሜትር ይረዝማል፣ ሩቡ 15 ሜትር ነው። የእናንተ ዘንግ ቢበዛ 3 ሜትር ቢሆን ነው። የጎደለውን ርዝመት እግሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ያካክሳል፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ የመኪናዋ ብረት ነው የሚሠራው። ብረቱ ከአንቴናው እግር ጋር በደንብ ካልተያያዘ ሬዲዮው ከሚያወጣው 100 ወይም 125 ዋት ብዙው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ፖርቶ መጋላ ለዚህ መጥፎ ቦታ ነው። ቀለም የተቀባ ቱቦ፣ ከቦዲው ጋር ብረት ለብረት በደንብ የማይገናኝ። በዚያ ላይ ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት አንቴና እግሩ ከባድ ነው፣ የፒስታ መንገድ ንዝረት እንኳን እሱን ፖርቶ መጋላውንም ያላላዋል።

ለ78 የኋላ ባምፐር ጥግ ላይ፣ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የሚታሰር ማቀፊያ አሠሩ። ወፍራም ላሜራ ይሁን፣ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቀለም ነጩ ብረት እስኪወጣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገቡ፣ ዳዶውን አጥብቁ፣ እንዳይዝግ ከላይ ግራሶ ቀቡት። ከዚያ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ አለ አይደል፣ እሱን አጭር አድርገህ ከአንቴናው እግር ወደ ቦዲው፣ ከቦዲው ወደ ሻንሲው። ቦዲው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የጭስ ማውጫውም በጎማ ነው የተንጠለጠለው፣ እሱም ይታሰር። ኮፋኖውና የኋላ በሮቹም እንዲሁ፣ ማጠፊያ ብቻውን አይታመንም።

ደግሞ መልቲሜትር ዜሮ አሳየኝ ብለህ ደስ እንዳይልህ። እሱ የሚነግርህ የባትሪው ከረንት ማለፉን ነው። ለሬዲዮ ሞገድ ረጅምና ቀጭን ሽቦ ራሱ እንቅፋት ነው፣ መልቲሜትሩ ዜሮ ቢልም።

ጮቄ

በኧርዙ ጉዳይ ከዲናሞ ጋር አልከራከርም። የኋላ ባምፐር ላይ ግን እከራከራለሁ። ከኋላ ያለ አንቴና ምን እንደሆነ ሹፌሩ የሚያውቀው ከመኪናው ወርዶ ሲያይ ነው። እኔ የፊቱን እመርጣለሁ። ቅርንጫፍ ሲይዘው አየዋለሁ፣ ሞላው ሲላላም አየዋለሁ፣ ገበያ ቀን ሕዝብ መሀል ስገባ ማንን እንደሚነካም አውቃለሁ። ዘንጉን በጣሪያው ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ማሰርም ከፊት ሲሆን ይቀላል።

ስኮርታ ጎማው ጋ የተባለውን ግን ተዉት። በ78 ላይ ስኮርታው በሩ ላይ ነው፣ በሩ የተያዘው በማጠፊያ ነው፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦው ይበጠሳል።

ስለ ጩኸቱ ልንገርህ። ናፍጣ ስለሆነች የካንዴላ ጣጣ የለባትም፣ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። የሚቀሩት ዲናሞው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተርና የአየር ማናፈሻው ናቸው። እነሱን ከመንካትህ በፊት ግን የሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካች ትንሽ የስልክ ቻርጀር ካለች ንቀላት። አንዷ ርካሽ ቻርጀር ሙሉውን ኤችኤፍ ልትሸፍነው ትችላለች። ከገበያ የተገዛ የኤልኢዲ መብራት ገጥማችሁ ከሆነም አጥፍታችሁ ሞክሩ። አንድ በአንድ እያጠፋህ ሬዲዮውን አዳምጥ፣ ጥፋተኛው ራሱ ይናገራል።

ኃይሉን ደግሞ ከፊውዝ ሳጥኑ እንዳትጠልፍ። ከባትሪው ቀጥታ፣ ሁለቱንም መስመር፣ በወፍራም ገመድ፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ስታወራ 20 አምፒር እና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ቮልቱ ይወርድና ልክ ማይኩን ስትጫን ሬዲዮው ጠፍቶ ይነሳል፣ ከዚያ "ሬዲዮው ተበላሽቷል" ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ይሄን ስንቴ አየን!

እሙ ጣና

ሁላችሁም ስለ ብሎን አወራችሁ፣ ማንም ቻናሉን አልነካም። እኔ ባሕር ዳር የቢሮ ሬዲዮ ላይ ነው የምሠራው፣ የሌላ ድርጅት ነው።

ወንድም ዓለም፣ በ12 ሜጋኸርዝ ሩቅ ሰምተህ ባሕር ዳርን ማጣትህ የአንቴናው ጥፋት ብቻ ላይሆን ይችላል። ከቡሬ ባሕር ዳር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምድር ላይ እየተሳበ የሚሄደው ሞገድ በተራራና በሸለቆ መሀል ያን ያህል አይዘልቅም። ወደ ሰማይ የወጣው ደግሞ በ12 በጠፍጣፋ አንግል ሄዶ ነው የሚመለሰው፣ በእኛ ላይ አልፎ ሩቅ ይወርዳል። እኛ መሀሉ ላይ፣ ምንም በማይወርድበት ቦታ ቁጭ ብለናል።

ለቅርብ የምትፈልገው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚመለስ ሞገድ ነው። ለዚያ ዝቅተኛ ቻናል ውሰድ። ቀን 5ቱን ወይም 8ቱን፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 5ቱን፣ ሌሊት 3ቱን። እኛ አገር ወደ ምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነ ቀን ላይ አዮኖስፌሩ ጠንካራ ነው፣ 8ቱ እኩለ ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ጠዋት በማለዳ ግን 8ቱን ይዘህ "አይሰማም" እንዳትል። አዲስ አበባም በአየር ከደብረ ማርቆስ 180፣ ከባሕር ዳር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚሁ ዘዴ ትገባለች።

የሸለቆው ነገር አያሳስብህ። ሽቅብ ወጥቶ ለሚመለስ ሞገድ ገደል ግድግዳ አይሆንበትም። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ ድልድይ ዳር ቆመው ሲጠሩ እንሰማቸዋለን፣ ቪኤችኤፉ ግን እዚያ ምንም አይሠራም።

የቡሬው ሹፌር

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ዛሬ 5ቱን ሞክረን ባሕር ዳር ሰማን! ደካማ ነው፣ ግን ሰማን። ቻርጀሯም ተነቅላለች፣ ግማሹ ጩኸት የእሷ ነበር።

ጮቄ፣ ዘንጉን ለጠጥ ማድረግ ያልከው ለውጥ አለው ወይስ ለቅርንጫፍ ብቻ ነው? ደግሞ መስክ ላይ ስናድር የተሻለ ነገር አለ?

ጮቄ

አለው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ወደ ጎን ነው የሚረጨው፣ ወደ ራሱ አናት ብዙም አይልክም። ለጠጥ ሲል ሽቅብ የሚሄደው ይጨምራል፣ ለባሕር ዳር የሚጠቅምህ እሱ ነው። ዘንጉ ግን ጣሪያውን እንዳይነካ፣ ማሰሪያውም ናይለን ይሁን እንጂ ሽቦ እንዳይሆን። ደግሞ ሲያወሩ ማንም አይንካው። ያቃጥላል፣ በቀልድ አይደለም።

ስታድሩ ዘንጉን እርሱትና ሽቦ ዘርጉ። ለ5 ሜጋኸርዝ በጠቅላላ 28 ሜትር ተኩል ገደማ፣ መሀሉ ላይ ተከፍሎ ሁለት እኩል ክንድ ይሁን፣ ከመሀሉ በኮአክሲያል (በአንቴና ገመድ) ወደ ሬዲዮው። በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል 4 ወይም 5 ሜትር ከፍታ ላይ ካሰርከው በቂ ነው። ከዚያ በላይ አትልፋ፣ ለቅርብ ርቀት ዝቅ ያለ ሽቦ ነው የሚፈለገው። ከማንኛውም የመኪና ዘንግ በብዙ ይበልጣል።

አገው ምድር

የእንጅባራ ሰው ነኝና ቅርንጫፍ ሲባል ዝም ልል አልችልም። በፋግታ በኩል ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ መንገዱን ግራና ቀኝ ዘግቶታል። ዘንጉን ሳያጎነብሱ የገቡ ሰዎች ጫፉን ጥለው ነው የሚወጡት። ጎንበስ አድርጋችሁ እሰሩና ግቡ።

ከቅርንጫፉ የሚብሰው ግን ሽቦው ነው። ባምፐር ላይ የቆመ 3 ሜትር ዘንግ ጫፉ ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ ነው። ገጠር ከተማ ውስጥ ከቤት ቤት የተሳበ የመብራት ሽቦ ከዚያ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ፣ ምሰሶ ዘመም ያለበት ደግሞ የ15 ሺህ ቮልቱ መስመር ራሱ ይወርዳል። ሽቦ አንቴና ስትዘረጉም መጀመሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። ክረምት ላይ መብረቅ ማጉረምረም ከጀመረ አንቴናውን ከሬዲዮው ንቀሉ፣ የተዘረጋ ሽቦ ካለም ከሬዲዮው ለዩትና ከአጠገቡ ራቁ። የጎጃም ሐምሌ መብረቁን ታውቁታላችሁ።

የፈቃዱ ቅጂም መኪናው ውስጥ ይኑር። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሰጠው ወረቀት ቢሮ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ኬላ ላይ ያን የሚያህል ዘንግ ይዞ መከራከር ጤና አይሰጥም።

የቡሬው ሹፌር

ጥሩ። እንግዲህ የፊት ባምፐሩ ላይ ሊሆን ነው፣ የእኛው ሻንሲው ላይ ቀጥታ የታሰረ ወፍራም ብረት ነው። ዲናሞ፣ ትስማማለህ?

ዲናሞ

ከሻንሲው ጋር ከታሰረ ፊትም ይሁን። የመዳብ ገመዱ ብቻ እንዳይቀር። የፊት መብራቱን እንዳይሸፍን አስተውል፣ ኮአክሲያሉንም በበር በኩል አታስገባው፣ በሩ ሲዘጋ ይጨፈልቀዋል። ከኮፋኖው ሥር የመሪው ጎን ላይ ጎሚኒ ያለበት ቀዳዳ አለ፣ በዚያ አሳልፈው። የመቆጣጠሪያ ገመዱ ረዘመ ብላችሁም እንዳትቆርጡት፣ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ማቀፊያውን የግድ ብየዳ ከነካው ደግሞ በመጀመሪያ የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ንቀል፣ ሬዲዮውንም ከመኪናዋ አውጣው።