እማዬን ይዤ ክሩዝ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በ2021 ክረምት ነው፤ ግራ ገብቶኛል።

የእማዬን 70ኛ ዓመት ለማክበር ከፍሎሪዳ የሚነሳ የ7 ቀን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ቆርጬ ነበር። ማርች 2020 ላይ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በኮሮና ምክንያት የክሩዝ መርከቦቹን ሁሉ አስቆመ። የመርከቡ ድርጅት ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ለሌላ ጉዞ እንዲሆን በክሬዲት ያዘው። አሁን ጉዞው ስለተጀመረ "እስከ መስከረም ካልተሳፈራችሁ ይቃጠላል" ብሎኛል።

ጁን 26 ቀን 2021 የመጀመሪያዋ መርከብ ከፎርት ላውደርዴል መንገደኛ ይዛ መውጣቷን በዜና አይቻለሁ። እማዬም አብራኝ አይታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። የክትባት ካርዷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስቀምጣለች። እንዴት አድርጌ ቀርቷል ልበላት?

ግን ስኳር አለባት። ልጄ ደግሞ 8 ዓመቱ ነው፤ በዚህ በ2021 ክረምት ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የኮሮና ክትባት ገና አልተፈቀደም። በ2020 ጃፓን ውስጥ ዮኮሃማ ላይ በኮሮና ምክንያት የታገደችው መርከብ ዳይመንድ ፕሪንሰስ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከ3,700 ሰው ከ700 በላይ ነው የተያዘው። ያኔ ክትባት አልነበረም፣ አውቃለሁ። አሁን ግን ዴልታ የሚባለው አዲሱ የቫይረሱ ዝርያ አለ።

በዚህ ክረምት ያልተከተበ ልጅ ይዛችሁ የተሳፈራችሁ አላችሁ? ወደቡ ላይ ምርመራው እንዴት ነው? መንገድ ላይ አንዱ ቢያዝ ቤተሰቡን ይለያዩታል? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ብቻዋን ክፍል ቢዘጉባት ምን ትሆናለች? ክሬዲቱን በጥሬ ገንዘብ ያስመለሰ ሰው ካለም እባካችሁ ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁላቸው ንገሩኝ። እስከ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ።