ዩሮቪዥን ላይ ትንንሽ ሀገሮች ዘፋኛቸውን የሚመርጡት እንዴት ነው? (ለሰፈራችን ውድድርም ሀሳብ እፈልጋለሁ)

የሀይቅዳር_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን የዩሮቪዥን (የአውሮፓ ሀገሮች በየአመቱ የሚወዳደሩበት የዘፈን ውድድር) የድሮ ቪዲዮ ማየት ጀምሬ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ አንዱ ሲያልቅ ዩቲዩብ ሌላ ያመጣልኛል። እና በፈረንጆቹ 2021 ሳን ማሪኖን ወክላ የዘፈነችውን ሰንሂትን አየኋት፣ ቤተሰቦቿ ኤርትራውያን ናቸው እሷ የተወለደችው ግን ቦሎኛ ጣልያን ነው፣ ስቴጅ ላይ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል አሜሪካዊው ራፐር ፍሎ ራይዳ ብቅ ይላል ሃሃ። ሳን ማሪኖን ጎግል ሳደርግ ህዝቧ 34 ሺህ አካባቢ ነው ይለኛል፣ ለፍቼ ጫምባላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) እዚህ ሀዋሳ ጉዱማሌ የሚወጣው ሰው ራሱ ከዛ የሚበልጥ ይመስለኛል። እና ጥያቄዬ፣ እንደዚህ አይነት ሀገር ዘፋኝ የሚመርጥለት ማነው? መንግስት ነው ህዝብ ነው? የሌላ ሀገር ሰው መላክስ እንዴት ይፈቀዳል?

የምጠይቀው ዝም ብዬ አይደለም። እኛ የወጣት ማዕከል የዘፈን ውድድር ልናዘጋጅ ነው፣ አንደኛ የወጣው ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ጋር ይወዳደራል፣ ኮሚቴው ግን "ዳኛ ይምረጥ" እና "ህዝብ ይምረጥ" በሚል ሁለት ቦታ ተከፍሎ መነጋገር አቁሟል። የሚያውቅ ካለ ይፃፍ።

ዜማ_ወዳጅ፦
ወንድሜ ዩሮቪዥን እኮ የመንግስታት ውድድር አይደለም፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነው። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየን የሚባል የጣቢያዎች ማህበር ነው የሚያዘጋጀው፣ በ1956 ሉጋኖ ስዊዘርላንድ ላይ ሲጀመር 7 ሀገር ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘፋኝ የሚልከው የሀገሩ ጣቢያ ነው፣ እንዴት እንደሚመርጥም የራሱ ጉዳይ ነው። አንዱ ቢሮው ቁጭ ብሎ "አንቺ ሂጂ" ይላል፣ ሌላው በቲቪ ውድድር አዘጋጅቶ ዳኛና ህዝብ ያስመርጣል፣ ዘፋኙን ራሱ መርጦ ዘፈኑን ብቻ ለህዝብ የሚተውም አለ። ህጉ የሚጠይቀው ሌላ ሌላውን ነው፣ ዘፈኑ ከ3 ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ስቴጅ ላይ ከ6 ሰው በላይ እንዳይኖር፣ ዘፋኙ 16 አመት እንዲሞላው። ዜግነት አይጠየቅም። ካናዳዊቷ ሴሊን ዲዮን በ1988 ያሸነፈችው ለስዊዘርላንድ ዘፍና እኮ ነው።

ሳን ማሪኖ ደግሞ ለብቻዋ ታሪክ ናት። የገባችው በ2008 ነው፣ ዙሪያዋን በጣልያን የተከበበች ስለሆነች ዘፋኝም ገንዘብም በብዛት የላትም። ቫለንቲና ሞኔታ የምትባል የራሷን ልጅ በ2012፣ በ2013፣ በ2014 ተከታትላ ላከች፣ ዘፈኑን የሚሰራላቸው ራልፍ ዚገል የሚባል ጀርመናዊ ነበር፣ በሶስተኛው ፋይናል ገቡ፣ በ2017 ደግሞ ያቺኑ ልጅ እንደገና ላኳት። መሀል ላይ ሰርሃት የሚባል ቱርካዊ በ2016 እና በ2019 ወክሏቸዋል። ከ2022 ወዲህ ግን ከየትም ሀገር የመጣ ዘፋኝ የሚወዳደርበት ምርጫ አዘጋጅተው ለአለም ከፈቱት። የመጀመሪያው አመት ጣልያናዊ አሸነፈ፣ 2024 ላይ ሜጋራ የሚባል የስፔን ባንድ፣ 2025 ላይ ጣልያናዊው ዲጄ ጋብሪ ፖንቴ፣ ያውም ስለ ጣልያን በሚያወራ ዘፈን! ባዝል ላይ ፋይናል ገብቶ መጨረሻ ወጣ።

እና ህዝቡ ይምረጥ እንዳትላቸው፣ ስልካቸው ከጣልያን ኔትወርክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዋናው ውድድር እንኳን የራሳቸውን የህዝብ ድምፅ ለይተው መቁጠር አይችሉም፣ ከሌሎች ሀገሮች ውጤት ተሰልቶ ነው የሚሞላላቸው።

ቀጥታ_ተናጋሪ፦
ይቅርታ ግን ይሄ ምኑን የሀገር ውክልና ሆነ? ብር ያለው ዘፋኝ ይከራያል፣ ባንዲራ ያለብሰዋል፣ አለቀ። ሉክሰምበርግን ተመልከቱ፣ 5 ጊዜ አሸንፋለች፣ በ1961፣ 65፣ 72፣ 73 እና 83፣ ከአምስቱ አንዱም ዘፋኝ ግን ሉክሰምበርጋዊ አይደለም፣ አራቱ ፈረንሳዮች ናቸው አንዷ ግሪካዊት። ቆጵሮስ 2018 ላይ ሁለተኛ የወጣችው በኤሌኒ ፉሬራ ነው፣ እሷም አልባኒያ ተወልዳ ግሪክ የታወቀች ናት፣ ጣቢያው ራሱ ነው የመረጣት፣ ህዝብ ማንም አልጠየቀውም። እኛ ሰፈር እንደዚህ ቢደረግ እኮ ከአዲስ አበባ የናይት ክለብ ዘፋኝ አምጥተን "የሀዋሳ ልጅ ነው" ልንል ነው። እኔ ሰው ባይሰማኝም ሽንፈቱም የራሳችን ቢሆን እመርጣለሁ።

ዜማ_ወዳጅ፦
@ቀጥታ_ተናጋሪ ሉክሰምበርግን ጥሩ አነሳህ ግን ጨርሰው። ከ1993 በኋላ ወጥታ 2024 ላይ ስትመለስ እንደድሮው አላደረገችም፣ ከሀገሪቱ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ዘፋኞች አወዳድራ ከውጭ ዳኞችና ከህዝብ ድምፅ ነው የመረጠችው። አይስላንድም አለች፣ ህዝቧ 400 ሺህ አይሞላም፣ ብዙ ጊዜ በራሷ ውድድር ስትመርጥ ቆይታለች፣ በ1999 እና በ2009 በራሷ ልጆች ሁለተኛ ወጥታለች። ማልታም እንደዛው፣ ዴስቲኒ የምትባለው ልጅ (አባቷ ናይጄሪያዊ ነው) በ2015 የህፃናቱን ዩሮቪዥን አሸንፋ አድጋ፣ ኤክስ ፋክተር ማልታን አሸንፋ፣ 2021 ላይ 7ኛ ወጣች። ማሳደግ የፈለገ ያሳድጋል። ሳን ማሪኖ ላይ ግን አልፈርድም፣ 34 ሺህ ሰው ውስጥ በየአመቱ አለም ፊት የሚቆም ድምፃዊ ከየት ይምጣ? በዛ ላይ ክፍያው አለ፣ ሞንቴኔግሮና ሰሜን መቄዶኒያ ለ2023ቱ ገንዘብ የለንም ብለው ቀርተዋል።

ቱላ_ማዶ፦
ኤደን አለነን የረሳችኋት ለምንድነው??? ቤተ እስራኤል ናት፣ እስራኤልን ወክላ፣ ለ2020 የተመረጠው ዘፈኗ ርዕሱ ራሱ አማርኛ ነበር፣ ውስጡም አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አረብኛ። እኔ ያን ጊዜ ቮት ማድረግ ባልችልም ለሰው ሁሉ ሳሳይ ነበር የከረምኩት፣ ከዛ ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። 2021 ላይ እሷን መልሰው ላኳት ግን የ2020 ዘፈን መድገም አይቻልም ተባለ፣ አማርኛው ቀረ ማለት ነው። ያኔ ዘፋኟን ጣቢያው ያዘ ዘፈኑን ህዝቡ መረጠ፣ 17ኛ ወጣች ግን መጨረሻ ላይ የወጣችው ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው ኖታ ተብሏል፣ ሄዳችሁ ስሙት።

በነገራችን ላይ ከ2023 ጀምሮ ከተወዳዳሪ ሀገሮች ውጭ ያለ ሰውም በኢንተርኔት መምረጥ ይችላል፣ ድምፃችን ተደምሮ እንደ አንድ ሀገር ይቆጠራል። ሀዋሳም ቁጭ ብሎ ይቻላል ማለት ነው፣ ውጭ የሚሰራ የባንክ ካርድ ያለው ካገኛችሁ ሃሃሃ

ጋሽ_ክራር፦
ልጆች ጨዋታችሁን ሳነብ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ኪነት ውስጥ ነበርኩ፣ ክራር እመታ ነበር፣ ዳኝነትም ተቀምጬ አውቃለሁ። የጠያቂው ልጅ ችግር ከሳን ማሪኖ የራቀ አይደለም፣ ትንሽ ቦታ ላይ ዳኛውም ዘፋኙም ይተዋወቃል፣ አንዱ የአንዱ አክስት ልጅ ነው። ብቻውን ለዳኛ ከሰጣችሁት "ተዛምዶ ነው" ይባላል፣ እውነት ባይሆንም ይባላል። ብቻውን ለህዝብ ከሰጣችሁት ደግሞ ቲፎዞ ያለው ያሸንፋል፣ ካርድ የሚሞላለት አጎት ያለው ልጅ ጥሩ ድምፅ ያላትን ግን ከገጠር የመጣች ልጅ ይጥላል።

ፈረንጆቹም ይሄን አልፈቱትም። ስፔን በ2022 ለዩሮቪዥን ዘፋኝ ስትመርጥ ህዝቡ የወደደው ሶስት ሴቶች በጋሊሲያ ቋንቋ የዘፈኑትን ነበር፣ ዳኞቹ ግን ቻኔል የምትባለውን ከፍ አደረጓት፣ ሀገር ተቆጣ፣ ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ሄደ። ከዛ ቻኔል ቱሪን ላይ በዋናው ውድድር ሶስተኛ ወጣች፣ ስፔን ከ1995 ወዲህ እንደዛ ጥሩ ውጤት አግኝታ አታውቅም። በተቃራኒው ደግሞ 2023 ላይ የፊንላንዱ ካሪያ በህዝቡ ድምፅ በሰፊው አንደኛ ሆኖ ሳለ በዳኞች ድምፅ የስዊድኗ ሎሪን ወሰደችው፣ ፊንላንዶች እስካሁን አልረሱትም። የቱ ትክክል ነው ብትሉኝ እኔ በፊንላንዱ ተናድጃለሁ፣ በስፔኗ ግን ዳኞቹ የገባቸው ነገር ነበር እላለሁ።

የሀይቅዳር_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በትክክል የኛን ኮሚቴ ነው የገለፁት። የዳኛ ደጋፊዎቹም የህዝብ ደጋፊዎቹም የየራሳቸው ተወዳዳሪ እንዳላቸው እኔ አሁን ነው የገባኝ ሃሃ። ታዲያ ግማሽ ግማሽ ብናደርገውስ? ህዝቡ በኤስኤምኤስ ሳይሆን አዳራሽ ውስጥ በወረቀት ቢመርጥስ?

ጋሽ_ክራር፦
ግማሽ ግማሹ ጥሩ ነው፣ ዩሮቪዥንም ፋይናሉን እንደዛ ነው የሚያደርገው። ግን ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ ዳኞቹን ከዚህ አታምጡ፣ ከሻሸመኔ ከዲላ የሙዚቃ አስተማሪ ጋብዙ፣ ትራንስፖርትና ምሳ ቻሉላቸው፣ አሞራ ገደል ዓሳ ካበላችኋቸው በነፃ ይመጣሉ። ስዊድኖችም ሉክሰምበርጎችም ከሌላ ሀገር ዳኛ የሚጠሩት ለዚሁ ነው፣ ያ ሰው የማንም ዘመድ አይደለም፣ ደግሞ ዘፈኑ ከሰፈር ውጭ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል፣ አሸናፊያችሁ ነገ የሚወዳደረው ሌላ ሰፈር ሄዶ አይደል?

ሁለተኛ ወረቀቱን በእድሜ ለዩት። ስዊድኖች ከ2019 ጀምሮ በአፕ የሚመጣውን ድምፅ በእድሜ ከፋፍለው ነው የሚቆጥሩት፣ የህፃናቱ ለብቻ የትልልቆቹ ለብቻ፣ እያንዳንዱ ቡድን እኩል ነጥብ ይሰጣል። እናንተ ጋ አዳራሹን የሚሞላው የትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ እናቶች ጥቂት ናቸው፣ ሶስት ካርቶን አስቀምጡ በቃ።

ቀጥታ_ተናጋሪ፦
ይሄ ጥሩ ነው፣ ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ። ህጉን ግን ቀድማችሁ በወረቀት ፃፉ። ሞንቴኔግሮ ለ2025 ያሸነፈው ባንድ ዘፈኑን ከተፈቀደው ቀን በፊት ህዝብ ፊት ተጫውቶት ስለተገኘ ወጣና ሁለተኛዋ ሄደች። ጣልያንም ያው አመት የሳንሬሞ (የሀገሯ የዘፈን ውድድር) አሸናፊ አልሄድም ሲል ሁለተኛው ነው የሄደው። አሸናፊው አልሄድም ቢል፣ ቢታመም፣ ፈተና ቢኖርበት ማን እንደሚተካ አሁኑኑ ይፃፍ። እና ነዋሪነት! ቢያንስ ክፍለ ከተማው ውስጥ የሚኖር ወይም የሚማር በሉ፣ ሳን ማሪኖ እንዳንሆን።

ቱላ_ማዶ፦
የሚማር ካላችሁ ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው የሚሆነው፣ ከወሎ የመጣ ያሸንፋችኋል ሃሃ። ባንድ ግን አላችሁ?

የሀይቅዳር_ልጅ፦
የወሎ ልጅ ካሸነፈ ያሸንፍ፣ እዚህ እየኖረ አይደል። ባንዱ ነው ትልቁ ችግር፣ የጠየቅነው ባንድ የተናገረው ዋጋ ከስፖንሰራችን ሙሉ ብር ይበልጣል።

ዜማ_ወዳጅ፦
ባንድ ተዉት። ዩሮቪዥን እንኳን ከ1999 ጀምሮ ኦርኬስትራ የለውም፣ መሳሪያው በሙሉ ከፕሌይባክ (ቀድሞ ከተቀዳ) ነው፣ ላይቭ የሚሆነው ድምፁ ብቻ ነው። እናንተም ተወዳዳሪው ሙዚቃውን ይዞ ይምጣ፣ ዋናው ዘፋኝ ድምፁ ያለበት ግን አይፈቀድ፣ አንዳንዱ አፉን ብቻ ሊያንቀሳቅስ ይሞክራል። 3 ደቂቃ ላይ ይቁረጥ፣ ካልሆነ አንዱ ልጅ መግቢያውን ብቻ 2 ደቂቃ ይጫወትባችኋል። ፍላሹን ከአንድ ቀን በፊት ሰብስባችሁ ላፕቶፕ ላይ ገልብጡት፣ የአዳራሹን ሚክስር ከሚያውቅ ሰው ጋርም ሞክሩት። ጄኔሬተር ከማን እንደምትከራዩም ከአሁኑ ጠይቁ፣ ቅዳሜ ሰርግ ስለሚበዛ አታገኙም።