ጥቆማ፦ ለባለ ሰባት መቀመጫ ኤርቲጋ የወንበር ልብስ የት ላሰራ? ወንበሩ መታጠፍ አለበት

የሰሚት እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱዙኪ ኤርቲጋ አለን፣ ባለ ሰባት መቀመጫው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ መሐለኛዋ አራት፣ ትንሹ ገና ዘጠኝ ወሩ። አማቴም አብረውን ስለሚኖሩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መኪናው ጢም ይላል። ወንበሮቹ ጨርቅ ናቸው፤ ወተትና ጁስ፣ አንዳንዴም ትውከት ጠጥተው ሽታው አልለቅ ብሏል።
ሁለት ነገር ጠቁሙኝ። አንደኛ፣ ልብሱን በልኩ የሚሰፋና የሦስተኛውን ረድፍ መታጠፍ የማያበላሽ ሰው ማን አላችሁ? ስካይ ይሻላል ወይስ ጨርቅ? ሁለተኛ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ የሚንጠለጠለው ባለ ኪስ የዕቃ መያዣ ይጠቅማል? ጡጦው፣ ዳይፐሩ፣ መጫወቻው ሁሉ ወለል ላይ ነው የሚንከባለለው። ባለፈው ጡጦ ፍሬኑ ሥር ገብቶ በጣም ደንግጫለሁ።

ባለ አቫንዛ፦
ሶማሌ ተራ ሂጂ እህቴ፣ ሌላ ቦታ አትድከሚ። ከቪትዝ ጊዜዬ ጀምሮ ደንበኛቸው ነኝ። የአቫንዛዬን ወንበር ጥቁር ስካይ በቀይ ክር አድርገውልኝ ያየው ሁሉ የት አሠራኸው ይለኛል።

የሰሚት እናት፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ከተሠራ በኋላ ሦስተኛው ረድፍ እንደ በፊቱ ይታጠፋል?

ባለ አቫንዛ፦
እሱን አጥፌው አላውቅም። ሥራቸው ግን አንደኛ ነው፣ በእኔ ይሁንብሽ።

የልደታው፦
ኧረ ተጠንቀቂ እህቴ! እኔ ላይ የደረሰው አንቺ ላይ እንዳይደርስ ልንገርሽ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ዲኮር ቤት ነው። ጠዋት አስረክቤ ማታ ትወስዳለህ ተባልኩ። ማታ ስሄድ ነገ፣ ነገ ስሄድ ከነገ ወዲያ። በመጨረሻ ስረከብ ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ እኔም ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ልጆቹን ቀበቶ ላስር ስል የመሐለኛው መቀመጫ የቀበቶ ማሰሪያ የለም! ስካዩ ውጦታል። በጣቴ ብፈልገው ከሥር ይዳሰሳል፣ ግን ማውጫ ቀዳዳ አልተዉለትም። የሕፃን ወንበር የሚያያዝባቸውን ብረቶችም ሰፍተው ዘግተዋቸዋል። ይህም አልበቃ ብሎ ልብሱን በማስቲሽ ስፖንጁ ላይ ለጥፈውታል፤ ላውልቀው ብል ዋናው ጨርቅ አብሮ ተላጠ።
መልሼ ወሰድኩት። ልጁ ምላጭ አምጥቶ እዚያው ቀደደልኝና «ይኸው ወጣልህ» አለኝ። የተቀደደው ጠርዝ አሁንም እየተተለተለ ነው። ገንዘቤን መልሱ ስላቸው ቀብድ አይመለስም ተባልኩ። ቀብድ ብቻ ነው የከፈልኩት? ሙሉውን እኮ ነው! እስኪስተካከል ድረስ ልጆቼ ያለ ቀበቶ ተቀምጠዋል፤ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጀሞ አንድ፦
ስሙን ንገረን ወንድም፣ ሌላ ሰው እንዳይበላ።

መሪ ሎቄ፦
በውስጥ መስመር ላክልኝ። እኔም የጠረጠርኩት ቤት አለ፣ ከገርጂ ወረድ ብሎ ያለው ነው?

የልደታው፦
ከገርጂ አይደለም። ስም ጠርቼ ከማንም ጋር መካሰስ አልፈልግም። ያለ ደረሰኝ መክፈሌ ነው አቅመ ቢስ ያደረገኝ፤ እናንተ ደረሰኝ ያዙ።

ጀሞ አንድ፦
ደረሰኝ ባይኖርህም የሸማቾች ጉዳይ አለ፣ ንግድ ቢሮ ሂድ። ዝም ስለምንል ነው እንዲህ የሚጫወቱብን።

ኤሌክትሪክ ብቻ፦
እኔ የምለው፣ ለምን መኪናውን አትቀይሪውም? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ቆሟል፣ ወደፊት መለዋወጫውም ሊያስቸግርሽ ይችላል። ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ ስድስትና ሰባት መቀመጫ አለው። ወለሉ ለጥ ያለ ነው፣ መሐል የሚቀመጥ ሰው እግሩ አይጣበብም።

የሲኤምሲ ልጅ፦
መቀየሩስ መልካም፣ ግን ለሦስት ልጅ እናት ከመምከርህ በፊት ስለ መቆጣጠሪያው ንገራት። እኔም ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው፣ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ይቅር። አየሩን ማቀዝቀዝ ሲያምረኝ ስክሪን ውስጥ መግባት አለብኝ፣ ስክሪኑ ደግሞ ቻይንኛ ነው። የኋላ መስኮት ለመዝጋት መጀመሪያ አንዲት ምልክት ነክቼ ከዚያ የፊቱን ቁልፍ ልጫን። ልጆች ከኋላ እየጮሁ፣ መገናኛ አደባባይ ላይ፣ ዓይኔን ከመንገድ አንስቼ ይህን ሁሉ? የኤርቲጋው የሚዞር ቁልፍ በእጅ ተዳስሶ ይገኛል፣ ዓይን አያስፈልገውም። ለቤተሰብ መኪና ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ኤሌክትሪክ ብቻ፦
ቋንቋውን የሚቀይሩ ልጆች ሞልተዋል። የነዳጅ ሰልፉንስ አላየኸውም?

ቨርጂኒያ ነኝ፦
እኛ ሲየና ነው ያለን። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ሆኗል። በሩ ተንሸራታች ስለሆነ ልጅ ታቅፎ ለመግባት የሚያህለው የለም፣ ጠባብ ፓርኪንግ ላይም በር ከጎን መኪና አይጋጭም። የሁለተኛው ረድፍ ወንበር ግን ውስጡ ኤርባግ ስላለ አይነቀልም። እዚህ ሕጉ ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው በልጆች መቀመጫ ይቀመጥ ይላል፣ ሕፃን ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ ዞሮ። ትንሹን እንዴት ነው የምታስቀምጪው እህቴ?

የሰሚት እናት፦
እውነቱን ለመናገር አማቴ ጋቢና ሆነው ያቅፉታል። መቀመጫ ተገዝቶለታል፣ ግን ሲገባበት ስለሚያለቅስ «ልጁን አታስጨንቁት፣ አምጡት» ይላሉ። እንዴት ብዬ እምቢ እላቸዋለሁ?

ነርሷ፦
እናቴ፣ ይህን ነገር ዛሬውኑ አስተካክዪው። መኪና ሲጋጭ ዘጠኝ ወር ሕፃን በክንድ አይያዝም፣ የትኛውም ጉልበት አይችለውም። ጋቢና ደግሞ ከፊቱ ኤርባግ አለ፤ ሲፈነዳ ልጁን ከአያቱ ደረት ጋር ነው የሚያጣብቀው። ወደ ኋላ የሚዞረውን የሕፃን መቀመጫም ቢሆን ኤርባጉ ካልተዘጋ ጋቢና ላይ በፍጹም አታስሪው። ቦታው ሁለተኛው ረድፍ ነው። በአዲሱ የአውሮፓ መስፈርት ከ15 ወር በታች ያለ ሕፃን ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚቀመጠው፣ ምክንያቱም ጭንቅላቱ ከባድ ነው፣ አንገቱ ገና አልጠናም።
አማትሽን ከጋቢና አንስተሽ ከሕፃኑ ጎን አስቀምጫቸው። «እማማ፣ ከኋላ ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል፣ እርስዎ እጁን ይያዙልኝ» በያቸው። አያትነታቸውን አትቀሚያቸው፣ ቦታውን ብቻ ለውጪላቸው። የእኔዋ አማት በዚህ ነው እሺ ያሉኝ፣ አሁን ቀበቶውን ራሳቸው ናቸው የሚያስሩት።

የሰሚት እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ፍሬንድሺፕ አካባቢ፦
ጥያቄው የወንበር ልብስ ነበር። እስካሁን የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ፣ የንግድ ቢሮ አቤቱታና የቨርጂኒያ ሕግ አግኝታለች። ልብስ ሰፊ የጠቆማት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የራሱን ወንበር አጥፎ አያውቅም። ድንቅ ጥቆማ ነው፣ ቀጥሉበት።

ባለ አቫንዛ፦
ወንድሜ፣ ሥራቸውን ሳታይ አትናገር። አንድ ቀን እንኳን ክር አልተፈታብኝም።

ወንበር ሰፊው፦
ሙያዬ ነው፣ ልርዳሽ። ለራሴ ሥራ ፍለጋ እንዳይመስል ሱቄን አልጠቅስም። የትም ብትሄጂ ይህን ይዘሽ ሂጂ።
መጀመሪያ ሽታው። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ስካይ ካለበስሽበት ሽታውን ቆልፈሽ አስቀመጥሽው ማለት ነው፣ ፀሐይ በመታው ቁጥር ይወጣል። ወተት በፈላ ውሃ አይታጠብም፣ ይረጋል፣ ክሩ ላይ ይጣበቃል። በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አስነክሪው፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበትና ይደር፣ ከዚያ ውሃውን ስቦ በሚያወጣ ማሽን ይታጠብ። ወንበሩ ቢነቀልና ፀሐይ ላይ ቢውል እጅግ ጥሩ ነው። ስፖንጁን ስትጫኚው ቀዝቀዝ ካለሽ ገና አልደረቀም፣ አታልብሺው።
ቀጥሎ ልኬቱ። ሰፊው ወንበሩ ቆሞ ብቻ ለክቶ ከሄደ ተዪው። ኤርቲጋ ላይ ሁለተኛው ረድፍ ስድሳ አርባ ተከፍሎ ይንሸራተታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ግማሽ በግማሽ ይታጠፋል። ስለዚህ ቆሞም ታጥፎም መለካት አለበት። መደገፊያውና መቀመጫው ለየብቻ ይሰፉ፣ መጋጠሚያው ላይ ላላ ያለ ጨርቅ ይተው። ከሳበው ሲታጠፍ ይቀደዳል ወይም ወንበሩ አልተኛ ይላል። የማጠፊያው እጀታና ማሰሪያ ውጭ ይቅር።
የልደታው ወንድማችን እንዳለው የሕፃን መቀመጫ ብረቶቹ ዋና ነገር ናቸው። አይሶፊክስ ይባላሉ፤ በመደገፊያውና በመቀመጫው መሐል ያሉ ሁለት ብረቶች ናቸው፣ ርቀታቸው 28 ሳንቲሜትር ነው። እዚያ ላይ በቬልክሮ የሚከፈት መክፈቻ አሠሪ። ስትወስጂ የሕፃኑን መቀመጫ ይዘሽ ሂጂና እዚያው አስረሽ ሞክሪው። ሦስቱንም ቀበቶ እሰሪ፣ ፍቺ። ወንበሩን እጠፊ፣ ዘርጊ። ከዚያ ነው ገንዘብ።
የፊት ወንበር መደገፊያ ጎን ላይ ኤርባግ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ካለ ያ ጎን በተራ ናይለን ክር አይሰፋም። ኤርባጉ ቀዶት መውጣት አለበት፣ ካልተቀደደ አይወጣም። ጎኑ ክፍት ይተው። ጽሑፉ ከሌለ ችግር የለም።
ማስቲሽ የሚያነሳ ሰው ካየሽ መኪናሽን አስነስተሽ ውጪ። ልብስ በላስቲክና በመንጠቆ ከሥር ነው የሚያዘው፣ ተፈትቶ እንዲታጠብ። ስካይ ወይስ ጨርቅ ላልሽው፣ ስካይ በእርጥብ ፎጣ ይጠረጋል፣ ለልጅ ይመቻል፤ ግን ፀሐይ ላይ ከቆመ የልጅ ጭን ያቃጥላል። ፈሳሽ ደግሞ በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። መቀመጫው መሐል ላይ ያጌጠ የአልማዝ ስፌት አታሠሪ፤ ውበቱ ያልፋል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጁስ መጠጫ ነው።

ነርሷ፦
እንዲህ ነው እንጂ ጥቆማ! ተባረክ።

የልደታው፦
ይህን ከዚያ በፊት ባነበብኩ። የእኔን የተላጠውን ጨርቅ ማስመለስ ይቻላል?

ወንበር ሰፊው፦
ማስቲሹ ስፖንጁን ካልበላው አዲስ ጨርቅ ማልበስ ይቻላል። ፎቶ ላክልኝ።

ጋሽ የካ፦
ልጄ፣ ስለ ዕቃ መያዣው ማንም አልመለሰልሽም። እኔ ቤተሰብ ይዤ ክፍለ ሀገር ብዙ ነድቻለሁ። የሚንጠለጠለው ኪስ ለዳይፐር፣ ለፎጣ፣ ለመጽሐፍ ጥሩ ነው። ቴርሞስና የብርጭቆ ጡጦ ግን አታንጠልጥዪበት፣ ፍሬን ስትይዢ ይወረወራል። የመጠጥ ጠርሙስ በሩ ኪስ ውስጥ ይግባ። ኤርቲጋ ከኋላ ወለሉ ሥር ክዳን ያለው ሳጥን አለው፤ የእሳት ማጥፊያውን፣ ትሪያንግሉን፣ ክሪኩን እዚያ አድርጊ። ሊብሬና ኢንሹራንስ ዳሽቦርድ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ። ሾፌሩ እግር ሥር ምንም ነገር አይኑር፣ ጫማ እንኳን። ምንጣፉም ወለሉ ላይ ባለው መንጠቆ ይያያዝ፤ የላላ ምንጣፍ ተንሸራቶ ቤንዚን መርገጫው ላይ ይወጣል።
ውሃ የምትቀጂበት ጀሪካን ካለሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አታስቀምጪው። ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው፣ ከኋላ መጥቶ ልጅ ይመታል። ወለሉ ላይ፣ ከሁለተኛው ወንበር ጀርባ አስደግፊው፣ በገመድም እሰሪው።

የሰሚት እናት፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ አማቴን ከኋላ ካስቀመጥኳቸው የጣሪያው ኤሲ ብርድ ብርድ ይላቸዋል። የፊቱን ሳላጠፋ የኋላውን ብቻ ማጥፋት ይቻላል?

ጋሽ የካ፦
ይቻላል። የጣሪያው የራሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው፣ እዚያው ጣሪያው ላይ ከአጠገባቸው ነው። ራሳቸው ይቀንሱታል። የንፋሱን መውጫ ክንፎችም ወደ ጎን ማዞር ነው።

ኤሌክትሪክ ብቻ፦
በኤሌክትሪክ ቢሆን ቤት ውስጥ ሆነሽ በስልክ አቀዝቅዘሽ ትጠብቂያቸው ነበር።

ባለ አቫንዛ፦
ሦስተኛውን ረድፍ አሁን ወርጄ አጠፍኩት። ይታጠፋል፣ ማሰሪያውን ግን ስካዩ ስለሸፈነው በእጄ ይዤ ነው የቆምኩት። ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ብነግራቸው በደቂቃ ያስተካክሉታል። አሁንም የምልሽ ሶማሌ ተራ ሂጂ ነው።

መሪ ሎቄ፦
እህቴ በመጨረሻ የት አሠራሽ? ለእኛም ንገሪን።

ጀሞ አንድ፦
እስከዚያው፣ ለያሪስ የኋላ በር የልጅ መቆለፊያ የት ነው ያለው? ልጄ በሩን እየከፈተ አስቸግሮኛል።

ጋሽ የካ፦
የኋላውን በር ክፈተውና ጠርዙን እይ፣ ከመቆለፊያው አጠገብ ትንሽ መቀያየሪያ አለች። እሷን ስትገፋ በሩ ከውስጥ አይከፈትም፣ ከውጭ ብቻ። ሁለቱንም በር አድርግ፣ አንዱን ብቻ አድርገህ እንዳትረሳ።